አለቆቹም ዩኒየን አላቸው፦ የሲያትል ፖሊስና እሳት አደጋ ኃላፊዎች የደመወዝ ድርድር

አለቃ ዩኒየን አለው ሲባል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ዩኒየን ሠራተኛው አለቃውን የሚሞግትበት አይደል? በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን ስቴት ባለችው ሲያትል ውስጥ ግን አለቆቹም ተደራጅተው ነው ለደመወዛቸው የሚደራደሩት።

የከተማዋ የፖሊስ ሌተናንቶችና ካፒቴኖች የሲያትል ፖሊስ ማኔጅመንት ማኅበር የሚባል የራሳቸው ድርጅት አላቸው። አባላቱ 80 ገደማ ናቸው። ተራ ፖሊሶችና ሳጅኖች ደግሞ በብዙ እጥፍ በሚበልጠው የፖሊስ መኮንኖች ጊልድ ታቅፈዋል። በአጭሩ "ጊልዱ" ይሉታል። እሳት አደጋ ቤትም ሁለት ማኅበር አለ። እሳት አጥፊዎቹ ከሌተናንቶቻቸውና ከካፒቴኖቻቸው ጋር ሆነው "ሎካል 27" ውስጥ ናቸው (ሎካል የትልቅ ዩኒየን የአካባቢ ቅርንጫፍ ነው)። ከእነሱ በላይ ያሉት የባታሊዮን አዛዦችና ምክትል አዛዦች "ሎካል 2898" አላቸው። እዚህ ላይ ማዕረጉ እንዳያሳስት። ካፒቴን ፖሊስ ቤት ከአለቆቹ ወገን ሲሆን እሳት አደጋ ቤት ከሠራተኛው ጋር ነው። ማኅበር የሌላቸው ጫፍ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ የፖሊስ አዛዡና የቅርብ ምክትሎቹ።

ነገሩ መሠረቱ ሕግ ነው። ዋሽንግተን ስቴት በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የከተማና የካውንቲ ሠራተኞች በኅብረት እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሕጉ የቅርብ አለቆችን አይጨምርም ብሎ አልለየም። ክርክሩ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1977፣ ከዚያው ከሲያትል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በተነሳ ጉዳይ፣ ሱፐርቫይዘሮችም በሕጉ ሠራተኛ ናቸው ብሎ ወሰነ። ግን ከሚያዟቸው ሰዎች ጋር አንድ ማኅበር ውስጥ አይቀመጡም። ሳጅኑ ላይ የቅጣት ወረቀት የሚጽፈው ሌተናንት ማታ ከዚያው ሳጅን ጋር በአንድ ስብሰባ እጅ ሲያወጣ አስቡት።

በግሉ ዘርፍ የተያዘው ሌላ መንገድ ነው። በ1947 የወጣ የፌደራል ሕግ ሱፐርቫይዘሮችን ከዩኒየን ከለላ አስወጥቷል። ስለዚህ የፋብሪካ ፎርማን ያጣውን መብት የሲያትል ፖሊስ ካፒቴን አለው። የኛም አገር ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ አለው። አንቀጽ 42 የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት አላቸው ይላል፤ ግን የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉት ናቸው። መስመሩን ሲያትል ያሰመረችው ከዚያ በጣም ከፍ አድርጋ ነው።

ድርድሩ በዝግ ነው የሚካሄደው። የስቴቱ የክፍት ስብሰባ ሕግ የኅብረት ድርድርን አይነካም። ከከተማው ወገን የሚቀመጡት ተደራዳሪዎች የከንቲባው ሰዎችና የተወሰኑ የምክር ቤት አባላት ያሉበት ኮሚቴ በሚሰጣቸው ወሰን ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ካልተስማሙ በስቴቱ ኮሚሽን በኩል አስማሚ ይገባል። አስማሚው ካልቻለ ጉዳዩ ውሳኔው ሁለቱንም ወገን ወደሚያስር አስገዳጅ ግልግል ይሄዳል። ገላጋዮቹ ሦስት ናቸው። እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ይመርጣል፣ ሦስተኛው ገለልተኛ ነው። ክብደቱ ያለው እሱ ጋ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አስገዳጅ ግልግል በ1973 የመጣው በአድማ ምትክ ነው። ፖሊስና እሳት አደጋ ሥራ ማቆም አይችሉም። አሜሪካኖች በዚህ ላይ ቆየት ያለ ቁስል አላቸው። በ1919 የቦስተን ፖሊሶች አድማ መትተው ከተማዋ ዘረፋና ሁከት ውስጥ ገብታ ነበር፤ ሥራቸውም አልተመለሰላቸውም። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ታዲያ "አድማው ይቅርባችሁ፣ በምትኩ ከተማው እምቢ ሲላችሁ ሌላ ሰው ይወስንላችሁ" የሚል ዓይነት ልውውጥ ነው።

ገላጋዩ ከሚያያቸው ነገሮች ዋናው ንጽጽር ነው። በዌስት ኮስት ላይ ተመጣጣኝ የሆኑ ከተሞች ለተመሳሳይ ማዕረግ ስንት ይከፍላሉ? ሲያትልን የሚያክል ሌላ ከተማ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የለም። ስለዚህ ዓይን ወደ ኦሬገንና ካሊፎርኒያ ይሄዳል። ማኅበሩ ሳን ፍራንሲስኮን ሲያነሳ ከተማው ረከስ ያለውን ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሙግቱ "ስንት በመቶ" ከሚለው በፊት "ከማን ጋር" በሚለው ላይ ነው። ዝርዝሩን ያሸነፈ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ንጽጽሩ ልጓም ሲያጣ ምን እንደሚሆን ለማየት ሳን በርናርዲኖን ማንሳት ይበቃል። ይህች የካሊፎርኒያ ከተማ በቻርተሯ (በመተዳደሪያ ሕጓ) አንቀጽ 186 የፖሊስና የእሳት አደጋ ደመወዝን በ10 ሌሎች ከተሞች አማካይ አስራው ነበር። ድርድር የለም፣ ቀመር ብቻ። ካዝናዋ ባዶ ሲሆንም ቀመሩ ቀጠለ። በነሐሴ 2012 ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተች። ጥፋቱ የአንቀጹ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የ2008ቱ የቤት ገበያ መውደቅም ክፉኛ መቷታል። የሚገርመው ግን በ2014 ሕዝቡ አንቀጹን ይሰረዝ ተብሎ ሲጠየቅ እምቢ ማለቱ ነው። የወደቀው በ2016 አዲስ ቻርተር ሲጸድቅ ነው።

ወደ ሲያትል እንመለስና ሒሳቡን እንይ። የአለቆቹ ጭማሪ ብቻውን አይቆምም፣ የበታቾቹን ጭማሪ ይከተላል። በግንቦት 2024 ምክር ቤቱ የጊልዱን ውል 8 ለ1 አጸደቀ። ጭማሪው ለ2021 1.3 በመቶ፣ ለ2022 6.4 በመቶ፣ ለ2023 15.3 በመቶ ነበር። ዜናው "23 በመቶ" አለ። ግን እያንዳንዱ ጭማሪ ከበፊቱ ላይ ስለሚሰላ፣ 2020 ላይ 100 ዶላር የነበረው ደመወዝ 2023 ላይ 124 ዶላር አልፏል። አሮጌው ውል ካለቀ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖት ስለነበር ውዝፉም ቀላል አልነበረም።

አሁን ከሳጅኑ አንድ ማዕረግ ከፍ ያለውን ሌተናንት አስቡት። ከሥሩ ያሉት በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲጨመርላቸው እሱ ባለበት ቢቀር ክፍተቱ ይጠባል። ሳጅኑ ደግሞ ኦቨርታይም ይሠራል። በፌደራሉ የሥራ ሰዓትና ክፍያ ሕግ አሠሪ ለእውነተኛ ሥራ አስኪያጅ ኦቨርታይም የመክፈል ግዴታ የለበትም። እና አንዳንድ ቦታ ጎበዝ ሳጅን "ሹመቱ ይቅርብኝ" ይላል። ኃላፊነት ጨምሮ ኪስ የሚቀንስ ዕድገት ማን ይፈልጋል? የአለቆቹ ማኅበር ጠረጴዛ ላይ የሚያቀርበው ትልቁ ክርክርም ይኸው ነው፤ ክፍተቱ ካልተጠበቀ አለቃ የሚሆን ሰው ይጠፋል። እኔ እንደማየው ሚዛን የሚደፋ ክርክር ነው። ጉድለቱ መቼም አለማለቁ ነው። ከታች በተጨመረ ቁጥር ከላይም ይጨመራል።

ጡረታውም አለ። ከ1977 ጥቅምት ወዲህ ሥራ የጀመሩ ፖሊሶችና እሳት አጥፊዎች ያሉበት የስቴቱ ፕላን ጡረታን የሚያሰላው በቀላል ቀመር ነው። የአገልግሎት ዓመት በመሠረቱ በ2 በመቶ ይባዛል (ከ2022ቱ ማሻሻያ ወዲህ ከ15ኛው እስከ 25ኛው ዓመት ላለው 2.5 በመቶ ሊሆን ይችላል)፣ ያ ደግሞ በከፍተኛው ተከታታይ 60 ወር አማካይ ደመወዝ። 25 ዓመት የሠራ ሰው በ2 በመቶው ብቻ ሲሰላለት ግማሹን ያገኛል ማለት ነው። ለምሳሌ ያህል አማካዩ በወር 10,000 ዶላር ከሆነ 5,000፤ በጭማሪ 10,500 ከደረሰ 5,250። አለቆች ደግሞ አብዛኞቹ ወደ ጡረታው የተጠጉ ናቸው። ለእነሱ የዛሬዋ 5 በመቶ ዕድሜ ልክ አብራ የምትሄድ ናት።

ከተማው ታዲያ በምላሹ ምን ያገኛል? ለእኔ ድርድሩን ከተራ የደመወዝ ወሬ የሚለየው ይህ ነው። ገንዘቡ የዲሲፕሊን ደንብ መግዣ ነው። የሲያትል ፖሊስ ከመጠን ያለፈ ኃይል ይጠቀማል ተብሎ ከ2012 ጀምሮ በፌደራል ፍርድ ቤት ክትትል ሥር ነበር። በ2017 ምክር ቤቱ ጠንከር ያለ የተጠያቂነት ድንጋጌ አወጣ። ግን ድንጋጌው የሥራ ሁኔታን የሚነካ ስለሆነ ሥራ ላይ ለማዋል ከማኅበራቱ ጋር መደራደር ግድ ነበር። የ2018ቱ የጊልድ ውል ብዙ ነገር አላላ ተብሎ ተተቸ። በ2019 ዳኛ ጄምስ ሮባርት ከተማዋ በተጠያቂነት ረገድ ወደኋላ ተመልሳለች አሉ። ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱ፣ የቅጣት ይግባኝ የሚያይ ገላጋይ አንድ የተባረረ ፖሊስ ወደ ሥራ እንዲመለስ መወሰኑ ነበር።

በ2022 የአለቆቹ ማኅበር ውል ሲመጣ እዚህ ላይ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ውሉ ከ2020 እስከ 2023 የሚሸፍን ነው። ጭማሪና ውዝፍ አለው። በምትኩ አለቆቹ የግልግሉን አካሄድ፣ የደመወዙን ሳይሆን የቅጣት ይግባኙን፣ ለመቀየር ተስማሙ። ገላጋዩ ጉዳዩን እንደ አዲስ ከሥሩ ጀምሮ አያይም። በዲሲፕሊኑ ጊዜ ያልቀረበ ማስረጃ በኋላ አይመዘዝም። አዛዡ የሰጠውን ቅጣት ገላጋዩ በራሱ ፍርድ እንዲሁ አይተካም። ለ80 ሰው የተጻፈ ውል ነው፤ ግን ከተማው "ይኸው፣ አለቆቻችሁ ተቀብለውታል" ብሎ ጊልዱ ፊት ሊዘረጋው የሚችል ናሙና ሆነለት። ከጊልዱ ጋር ግን በቀላሉ አልሆነም። የ2024ቱ ውል ሲጸድቅ ዋናው ተቃውሞ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ የተጠያቂነቱ ነገር ገና ነው የሚል ነበር። የፌደራሉ ክትትል በመስከረም 2025 ተዘጋ።

ሲያትል ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በተለይ በሬኒየር ጎዳና ግራና ቀኝ። ከተማዋ ለሕዝብ የምትበትናቸውን ጽሑፎች ከምትተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። ድርድሩ በዝግ ቢሆንም ለነዋሪው አንድ በር ክፍት ነው። ከፖሊስ ማኅበራት ጋር ድርድር ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን ቀደም ብሎ ምክር ቤቱ በተጠያቂነቱ ሥርዓት ላይ የሕዝብ አስተያየት መስማት አለበት። ለመናገር የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ቢሆንም የሚሻለው ያኔ መሄድ ነው። ውሉ ተጠናቆ ሲቀርብ ምክር ቤቱ ወይ እንዳለ ያጸድቀዋል ወይ ይጥለዋል፤ መሀል ገብቶ አንዲት መስመር አይቀይርም።