ስለ ዛንዚባር በስህተት የምንሰማቸው ነገሮች

ሰሞኑን «ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው» የሚሉኝ ጓደኞች በዝተዋል። ደስ ይለኛል፣ ደሴቷን በጣም ነው የምወዳት። ግን ከሚወራላት ነገር ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እ.ኤ.አ. ነው።)

«ባህሩ ደጃችን ነው፣ ከእንቅልፋችን ስንነሳ ዘለን እንገባለን።» በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ እንዲህ አይደለም። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ውሃው ሲሞላና ሲሸሽ ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ ማታ ማዕበሉ ሲመታው ያመሸው ዳርቻ ጠዋት ብዙ መቶ ሜትር ድረስ እርጥብ አሸዋ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ተታለልን ብለው የሚናደዱ አሉ። እኔ የምወደው ግን ይሄንኑ ሰዓት ነው። የሰፈሩ ሴቶች ካንጋቸውን፣ ያገለደሙትን ጨርቅ፣ ሰብስበው ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ነው። ጎንበስ ብለው በችካሎች መሃል ከተወጠረው ገመድ ላይ ምዋኒ የሚሉትን የባህር ሳር እየፈቱ ጆንያ ይሞላሉ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንጉዊና ኬንዱዋ ሂዱ። እዚያ ውሃው ብዙም አይርቅም።

«ኮራል ድንጋይ ነው፣ ቢረገጥ ምን ይሆናል?» የሞተው አዎ፣ ድንጋይ ነው። የስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ ቤቶች ራሳቸው በኮራል ድንጋይና በኖራ ነው የተሠሩት። ውሃ ውስጥ ያለው ግን እንስሳ ነው። ሚጢጢ እንስሳት ተሰብስበው የሚገነቡት ቤት ነው፣ አንዳንዱ ዝርያ በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በአንድ እርግጫ የሚሰበረው የስንት ዓመት ሥራ እንደሆነ አስቡት። ኮራል ለማየት ወደሚኬድባት ትንሽ ደሴት፣ ወደ ምኔምባ፣ ስትሄዱ እባካችሁ አትቁሙበት፣ አትንኩት።

«ስቶን ታውን አሮጌ ቤት ነው፣ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።» ይሄ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። የኦማኑ ሱልጣን ሰኢድ መናገሻውን ከመስካት ወደዚህ አዛውሮ ነበር፤ በእሱ ዘመን ቅርንፉዱም ባሪያውም በዚህች ከተማ ይሸጥ ነበር። የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1873፣ በእንግሊዞች ግፊት፣ በልጁ በሱልጣን ባርጋሽ ጊዜ ነው። የባርጋሽ እናት ደግሞ ሐበሻ ነበረች። በባርነት ሱልጣኑ ቤት የገባች ሴት። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ እነዚያን ጠባብ መንገዶች እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ገበያው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ የአንግሊካን ካቴድራል ቆሟል። ግቢው ውስጥ አንድ ጉድጓድ አለ፣ በውስጡ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት የሰው ሐውልቶች ቆመዋል። ሰንሰለቱ የእውነት ብረት ነው። ለዚህ ቦታ ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት ስጡት።

«የባህር ዳርቻ አገር ነው፣ እንደፈለጉ መልበስ ይቻላል።» በሆቴሉ ዳርቻ ችግር የለም። ከተማና መንደር ስትገቡ ግን ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ ትሑት ስለሆነ ፊት ለፊት ባይናገራችሁም ይከፋዋል።

«ፕሪዝን አይላንድ ያለው እስር ቤት እስረኛ የታጎረበት ነው።» ይቺ ከስቶን ታውን ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት። እስር ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ያመፁ ባሪያዎች ይታሰሩባት ነበር። በ1890ዎቹ የተሠራው እስር ቤት ግን እስረኛ አልገባበትም፣ ቢጫ ወባ የተጠረጠሩ መንገደኞች ተለይተው የሚቆዩበት ሆነ። ዛሬ እዚያ የምታዩት ከሲሸልስ የመጡትን ግዙፍ ኤሊዎች ዘር ነው። የቢጫ ወባው ነገር ግን አላበቃም። ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ የክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ ክትባቱን ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መውሰድ ያስፈልጋል። ቲኬት ስትቆርጡ አብራችሁ ጨርሱት።