ጆን ማርሻል ሃርላን፦ የኬንታኪው ዳኛ እና ቤተሰቡ

ጆን ማርሻል ሃርላን ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ በ1911 እስኪሞት ድረስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ዳኞች የሚታወሱት በጻፉት ፍርድ ሲሆን፣ የእርሱ ስም ግን ዛሬም የሚነሣው በተሸነፈባቸው መዝገቦች ላይ ባሰፈረው የልዩነት ሐሳብ ነው።

የተወለደው በ1833 በኬንታኪ ግዛት ነው። አባቱ ጄምስ ሃርላን ጠበቃ፣ የምክር ቤት አባልና ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ልጁን በዝነኛው ዳኛ በጆን ማርሻል ስም ስለ ጠራው፣ ሕፃኑ ሙያው ገና በጡት ዘመኑ ተመርጦለታል ማለት ይቻላል። በእርግጥም በትራንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንቶ በ1853 ጥብቅና ጀመረ።

በዚያው ቤት ሮበርት ሃርላን የሚባል፣ በ1816 በባርነት የተወለደ ቆዳው ቀላ ያለ ሰው አድጓል። ጄምስ ያቀርበው ስለ ነበር ብዙዎች ከአብራኩ የወጣ ልጁ ነው ይሉ ነበር። በኋላ በትውልዶቻቸው ላይ የተደረገ የዘረመል ምርመራ ይህን አልደገፈም። ወንድም ሆነም አልሆነ የሕይወቱ ታሪክ አስገራሚ ነው፦ በወርቅ ፍለጋው ዘመን ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ሀብት ይዞ ተመለሰ፣ የእሽቅድድም ፈረሶች አረባ፣ በስተ እርጅናው ደግሞ የኦሃዮ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆነ። ዳኛው ስለ ጥቁሮች አቅም በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሃርላን በ1856 የኢንዲያና ልጅ የሆነችውን የ17 ዓመቷን ማልቪና ሻንክሊንን አገባ። ዘመዶቿ ባርነትን አጥብቀው የሚቃወሙ ነበሩ፤ እርሷ ግን ባሪያ ወዳለበት ቤት ሙሽራ ሆና ገባች። ስድስት ልጆች ወልደዋል።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ሃርላን ከሰሜኑ ወገን ተሰልፎ የ10ኛው ኬንታኪ እግረኛ ሬጅመንት አዛዥ በመሆን ተዋጋ። አባቱ በ1863 ሲሞት ቤተሰቡን ለማስተዳደር ከጦሩ ወጣ፣ በዚያው ዓመትም የኬንታኪ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ። ለአገሩ አንድነት ቢዋጋም ባርነትን የሻረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተቃውሟል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሪፐብሊካን ሆነና የቀድሞ አቋሙን በአደባባይ ካደ። ተቀናቃኞቹ ሲዘልፉት፣ አቋሙን ከማይለውጥ ይልቅ ትክክል የሆነ ሰው መባልን እንደሚመርጥ መለሰላቸው። ለገዥነት በ1871ም በ1875ም ተወዳድሮ ተሸነፈ። ፕሬዚዳንት ሄይስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጩት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1883 ፍርድ ቤቱ በሆቴል፣ በባቡርና በቲያትር ቤት የቀለም አድልዎን የከለከለውን የ1875 ሕግ ሲሽር፣ ከዘጠኙ ዳኞች ያልተስማማው ሃርላን ብቻ ነበር። የልዩነት ሐሳቡን ለመጻፍ ተቀመጠ፤ ብዕሩ ግን አልታዘዝ አለው። ማልቪና በማስታወሻዋ እንደምትተርከው፣ በቤታቸው ዳኛ ቴኒ ይጠቀምበት የነበረ የቀለም ብልቃጥ ነበር፦ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም የሚለው የ1857 ፍርድ የተጻፈበት። ሃርላን ለቴኒ ዘመድ ሊሰጠው ቃል ገብቶ ነበር፤ ማልቪና ግን አሳስታ ደብቃዋለች። አንድ እሑድ ባሏ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ብልቃጡን ወልውላ፣ ቀለም ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ በኋላ ብዕሩ ያለ እንቅፋት ሮጠ።

በ1896 የባቡር ፉርጎን በቀለም የሚለየውን የሉዊዚያና ሕግ ሰባት ዳኞች ሲያጸድቁ፣ አሁንም የተቃወመው እርሱ ብቻ ነበር። «ሕገ መንግሥታችን ቀለም አያይም» የሚለው ቃሉ የተጻፈው በዚህ መዝገብ ነው። በዚያው ጽሑፍ ግን ቻይናውያንን ባዕድ ዘር አድርጎ ያቃልላል፤ የሚያወድሱት ሰዎች ይህን አንቀጽ ዘለው ማለፍ ይቀናቸዋል። በ1899ም አንድ የጆርጂያ ወረዳ የጥቁሮችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘግቶ የነጮቹን መደገፍ መቀጠሉን የፈቀደውን ፍርድ የጻፈው ራሱ ሃርላን ነው።

ከወንዶች ልጆቹ ጄምስና ጆን ሜይናርድ የሕግ ሰዎች ሆኑ፤ ሪቻርድ ወደ ክህነት አገልግሎት ገባ። የጆን ሜይናርድ ልጅ፣ የአያቱን ሙሉ ስም የወረሰው ሁለተኛው ጆን ማርሻል ሃርላን፣ በ1955 በዚያው ፍርድ ቤት ወንበር ያዘ። በትምህርት ቤቶች የቀለም ልዩነት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የተባለው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። በ1955 ግንቦት ወር ፍርዱ እንዴት ይፈጸም የሚለው ጥያቄ በሙሉ ድምፅ ሲወሰን፣ የልጅ ልጁ ከዳኞቹ አንዱ ነበር።