ቤልዌዘር ካውንቲ ምንድን ነው?

የአሜሪካ ምርጫ ሲመጣ ተንታኞች ደጋግመው የሚያነሷት ቃል ናት፤ «ቤልዌዘር»። ነገሩ ከእረኝነት የመጣ ነው። «ቤል» ቃጭል ነው፣ «ዌዘር» ደግሞ የተኮላሸ በግ፣ እኛ ሙክት የምንለው። ባለ ቃጭሉ ሙክት ከፊት ይሄዳል፣ መንጋው ይከተላል፣ እረኛውም መንጋው ጥሻ ውስጥ ቢገባበት እንኳ ቃጭሉን ሰምቶ የት እንዳለ ያውቃል። በምርጫ ደግሞ ቤልዌዘር የሚባለው ካውንቲ፣ ማለትም በስቴት ሥር ያለ አስተዳደር፣ በየአራት ዓመቱ በአገር ደረጃ የሚያሸንፈውን ፕሬዚዳንት አብሮ የሚመርጥ ነው።

ለዚህ ከክላላም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዋሽንግተን ስቴት ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለ የባሕር ዳርቻ ካውንቲ ነው። ከባሕሩ ማዶ ካናዳ ናት። ሕዝቡ 77 ሺህ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1984 ሬገንን መረጠ፣ በ1988 ትልቁን ቡሽ፣ ከዚያ ክሊንተንን ሁለቴ፣ ትንሹን ቡሽ ሁለቴ፣ ኦባማን ሁለቴ፣ በ2016 ትራምፕን፣ በ2020 ባይደንን። አንዴም አልሳተም!

ሚስጥሩ ምንድን ነው? በእኔ እምነት ቅልቅሉ ነው። በምዕራብ በኩል ፎርክስ አለች፣ ዝናብ የማያባራባትና በእንጨት ሥራ የኖረች ከተማ። በምሥራቅ ስኩዊም አለች፣ ተራራው ዝናቡን ስለሚከልልላት ደረቅ ናት፣ ጡረተኞችም ይወዷታል። መሐል ላይ ወደቧ ፖርት አንጀለስ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የማካህ ነባር ሕዝብ የሚኖርባት ኒያ ቤይ። እንጨት ቆራጩም ጡረተኛውም ብቻውን አያሸንፍም።

ዕድልም አለበት። አሜሪካ ከ3,000 በላይ ካውንቲ አላት፤ ሁሉም ሳንቲም እየወረወሩ ቢመርጡ እንኳ ሦስት ያህሉ አሥር ምርጫ በተከታታይ ይገጥምላቸው ነበር። ከ1980 እስከ 2016 የገጠመላቸው ግን 19 ናቸው፣ ስለዚህ ነገሩ ዕድል ብቻ አይደለም።

ከዚያ 2020 መጣ። ከ19ኙ 18ቱ ትራምፕን መርጠው ሳቱ። ከ1956 ጀምሮ ስቶ የማያውቀው የኢንዲያናው ቪጎ ካውንቲ ሳይቀር! ክላላም ብቻውን ቀረ። በ2024 እሱም ሃሪስን መረጠ፣ አገር ግን ወደ ትራምፕ ሄደ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ፣ ብዙ ሰው ቤልዌዘርን ከ«ስዊንግ ስቴት» ጋር ያደባልቃል። ስዊንግ ስቴት፣ ማለትም አንዴ ወደ አንዱ ፓርቲ አንዴ ወደ ሌላው የሚያጋድል ስቴት፣ ውጤት ይቀይራል፣ ቤልዌዘር ካውንቲ ከውጤቱ ጋር ይገጥማል እንጂ አይቀይርም። ሲያትል ያለ የአገራችን ሰው እንደሚያውቀው ዋሽንግተን ስቴት ከ1988 ጀምሮ ለዴሞክራት ነው፣ ክላላም በ2016 ትራምፕን ሲመርጥም ለትራምፕ የጨመረለት የኤሌክቶራል ድምፅ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው በየስቴቱ የሚሰጥ ድምፅ፣ የለም።

ለምን ሁሉም ሳቱ ብትሉኝ፣ አሜሪካኖች በትምህርት ደረጃና በመኖሪያ አካባቢ በፓርቲ እየተለያዩ ስለመጡ ይመስለኛል። ብዙ ኮሌጅ ያልገባ ነጭ ሠራተኛ ያለበት አካባቢ ወደ ሪፐብሊካን አደላ፣ የተማረ ጡረተኛ የበዛበት ወደ ዴሞክራት። ስለዚህ እኔ የምርጫ ማታ አንድ ካውንቲ ማንን መረጠ የሚለውን ትቼ፣ ካለፈው ምርጫ ወደየት በኩል፣ ስንት ነጥብ ፈቀቅ አለ የሚለውን ነው የማየው።