ኤልዛቤል ከማለታችን በፊት

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ባለፈው 21 እዚህ ደብረ ብርሃን በማርያም ማኅበራችን ላይ የሆነው ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ጸሎት ደርሷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው እየዞረ ነው። ወሬው ሹመት ላይ ደረሰና አንዲት ሴት ትልቅ ቦታ ተሾመች ተባለ። አንዱ ወንድማችን ወዲያው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» አለ። ሌላው ተቀብሎ «ኧረ ኤልዛቤል በሏት!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ጠላ የምትቀዳልን የቤቱ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀጥ አለች፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ የኔን ብርጭቆ ሞላች። ያን ጊዜ አፈርኩ።

እስኪ 1ኛ ነገሥት 21ን አንብቡ። የኤልዛቤል ጥፋት ሴት መሆኗ ነው እንዴ? በባሏ በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጽፋ፣ በማኅተሙ አትማ፣ የሐሰት ምስክር አቁማ ናቡቴን ያስገደለችው ለአንድ የወይን ቦታ ነው። ጥፋቱ ደም ነው፣ ቅሚያ ነው። ደግሞ ኤልያስ «ገድለህ ወረስህ ወይ» እንዲል የተላከው ወደ ባሏ ወደ አክዓብ ነው! እኛ ግን ክፉ የሠራን ወንድ ሹም «አክዓብ» ስንል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ዲቦራ ከዘንባባዋ ሥር ተቀምጣ ስትፈርድ ሕዝቡ ወደ እሷ ይወጣ ነበር፤ የጦር መሪው ባርቅም ወደ ጦርነቱ አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም ብሏታል። ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባ የንግሥት ህንደኬ የገንዘብ ሹም ነበር፣ የሴት አገልጋይ መሆንህን ተው አላለውም።

የኛው አገርስ? የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ይቺን ከተማ የቆረቆሩት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት እቴጌ እሌኒ ደግሞ፣ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳሉ መንግሥቱን ይዘው እስከ ፖርቱጋል መልእክተኛ ልከዋል። አያቶቻችን «እቴጌ» ብለው እጅ ነሥተዋል።

ሴት ሹም አትወቀስ አላልኩም። ካጠፋች በጥፋቷ ትጠየቅ፣ ጉቦ ከበላች ጉቦ በላች በሏት። ሴትነቷን ግን ለምን ስድብ እናደርገዋለን? የሠራት እግዚአብሔር ነው።

የሚቀጥለው 21 ጽዋው የኔ ተራ ነው። የሳቅኩት ሰው በተሰበሰበበት ነውና ይቅርታም የምጠይቃት እዚያው ነው። እናትና አባቷን ከነልጅቷ ጠርቻለሁ።