«ምቀኛ አታሳጣኝ» የማን ጸሎት ነው?

ሰሞኑን አንዲት ዘመዴ ዱባይ ሆና አዲስ መኪና ተደግፋ የተነሳችውን ፎቶ ለቀቀች። ከሥሩ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብላለች። ጓደኛዋ ደግሞ «በጣም ቀናሁብሽ የኔ ቆንጆ» ብላ ልብ በልብ አደረገቻት። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። የተናደድኩት እኔ ነኝ።

ይቺ «ቀናሁብሽ» የእንግሊዝኛው «ጀለስ» ግልባጭ ትመስለኛለች። (የሰፈራችን ጀለስ ጓደኛ ነው፤ ዝምድና የላቸውም።) እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዛሬ ዛሬ ወዳጃቸው ሽርሽር ሲሄድም «ጀለስ ነኝ» ይላሉ። በወጉ ግን ሁለት ቃል አላቸው። «ጀለሲ» ያለህን እንዳትነጠቅ መስጋት ነው። ሦስት ሰው ይፈልጋል፦ አንተ፣ የምትወዳት፣ ሊወስድብህ የመጣ የመሰለህ። «ኤንቪ» ሌላው ያለውን መመኘት ነው፤ ለሱ ሁለት ሰው ይበቃል። ሼክስፒር ኦቴሎ በተባለው ተውኔቱ ሁለቱንም አገናኝቷቸዋል። ኦቴሎ በሚስቱ ይቀናል። የበታቹ ኢያጎ ደግሞ የተመኘው ሹመት ለካሲዮ በመሰጠቱ አንጀቱ አርሮ የሰው ትዳር ያፈርሳል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመለሰው አማርኛ ያነበበ ሰው ኢያጎን ቀናተኛ አይለውም። ምቀኛ ነው።

እኛ ድንበሩን ያሰመርነው ሌላ ቦታ ነው። ቅናት ክፉም ደግም ይሆናል። ኦሪት ዘጸአት 20 ላይ እግዚአብሔር ራሱን «ቀናተኛ አምላክ» ብሎ ይጠራል። ከሐዋርያትም አንዱ ቀናተኛው ስምዖን ነው፤ የእንግሊዝኛው «ጀለስ»ም የተወለደው ከዚሁ ከስምዖን የግሪክ ቅጽል ሥር ነው። ምቀኛ አምላክ ወይም ምቀኛ ሐዋርያ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ምቀኛ ያንተን ነገር አይፈልገውም። አንተ እንዳይኖርህ ነው የሚፈልገው። ተረቱን ታውቁታላችሁ። ንጉሡ «የጠየቅኸውን እሰጥሃለሁ፤ ለጎረቤትህ ግን እጥፉን» ሲለው፣ «እንግዲያው አንድ ዓይኔን አውጣልኝ» ያለው ሰውዬ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ጉድ አታሳጣኝ ብሎ ፈጣሪን የሚለምን ማን ነው? ገበሬ ነው እላለሁ። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ያለኝ የአያቴ ማሳ ነው።

አያቴ ደጀን አካባቢ ጤፍ ያርሱ ነበር። ጤፍ ደግሞ አመለኛ ነው። ከመዘራቱ በፊት መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል። ከበቀለ በኋላ አረም አይችልም። አንዳንዱ ሣር ገና ለጋ ሳለ ከጤፉ አይለይም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ በጣት መንቀል ነው። ነሐሴ ላይ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ዝናቡ ጀርባ ላይ። ወገብ ይቆረጣል።

ከእኛ ማሳ ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ማሳ ነበር። በመካከል ያልታረሰች ቀጭን የሣር ድንበር አለች። ሰውዬው ማለዳ መጥተው ድንበሯ ላይ ይቆማሉ። እጃቸውን ወደኛ ጤፍ ሰደድ አድርገው አንዲት አረም ይነቅላሉ። ጭቃዋን አራግፈው፣ ሥሯን ወደ ላይ አድርገው ሣሯ ላይ ያጋድሟታል። ቃል አይተነፍሱም። እሁድ ሰንበቴ ላይ ግን «የነእንትና ጤፍ ዘንድሮ ሣር ሆኖ ቀረ» ይባላል፤ ጠላው ሳያልቅ ወሬው አገር ያዳርሳል።

አያቴ ያቺን የተጋደመች አረም ያዩ ዕለት እንቅልፍ የለም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ «ተነሱ!» ነው። በሬዎቻችን ከሌላው በሬ ይልቅ በደንብ ይታሰሩ ነበር፤ አንዱ ተፈትቶ ድንበር ቢያልፍ ሽማግሌው ዳኛ ዘንድ ለመሮጥ ዱላቸውን እስኪያነሱ አይቆዩም። ሲያርሱም አያቴ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ሞፈሩን ቀድመው ነበር የሚመልሱት። ማታ እሳት ዳር ሆነው «ጌታዬ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ» ሲሉ ቀልድ አልነበረም። ያ ሰው ባይኖር ግማሹ ማሳ አረም ይበላው እንደነበር ያውቃሉ።

ስለዚህ ይህ አነጋገር የተወለደው ድንበር ላይ ነው ባይ ነኝ። የነጋዴ ነው የሚሉኝ አሉ፣ የቤተ መንግሥት ነው የሚሉም አሉ። ነጋዴ ተፎካካሪውን ሸሽቶ ሌላ ገበያ ይሄዳል፤ ባለሟልም ምቀኛውን ግዞት ያስልካል። ገበሬ ግን መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም። ዕድሜ ልኩን ከሚመቀኘው ሰው ጋር ድንበር ተጋርቶ መኖር ስላለበት፣ ጥቅም ፈለገለት።

አሁን ግን ጸሎቱ ፉከራ ሆኗል። ታክሲው መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ልደት ኬክ ላይ ይጻፋል። ከዚህም የባሰ አለ። ዕቁብ ላይ አንዱ ተነስቶ «የባለፈው ወር ሒሳብ አልገባኝም» ሲል፣ ሰብሳቢው ሳቅ ብሎ «ምቀኛ አታሳጣኝ ነው!» ይላል፤ ቤቱም አብሮ ይስቃል፤ ጠያቂው አፍሮ ይቀመጣል። ወንድሜ፣ ለምነህ ተሰጠህ እኮ! በል ደብተሩን አውጣ።