በመዓዛማ ዘይት የፍራፍሬ ሻጋታን መከላከል ምንድን ነው?

ብርቱካን ከዛፉ ከተቀጠፈ በኋላም ሕይወት ያለው አካል ነው፤ ይተነፍሳል፣ ውሃ ያጣል፣ ራሱን የመከላከል አቅሙም ቀስ በቀስ ይዳከማል። በለቀማ ወይም በማጓጓዝ ጊዜ ልጣጩ ከተጫረ፣ ፔኒሲሊየም ዲጂታተም የተባለው ፈንገስ በዚያች ጭረት ይገባል። መጀመሪያ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ለስላሳ ቦታ ይታያል፤ ቀጥሎ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፤ በመጨረሻም የነጩ መካከል በአረንጓዴ ዱቄት ይሸፈናል። ዱቄቱ የፈንገሱ መራቢያ ብናኝ፣ ማለትም ስፖር ሲሆን፣ ሣጥኑ በተነቃነቀ ቁጥር ወደ ጎረቤት ፍሬዎች ይበተናል። እንጆሪንና ወይንን የሚያበሰብሰው ቦትራይቲስ ሲኔሪያ ደግሞ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንኳ ማደግ ስለሚችል ማቀዝቀዣ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ለረጅም ጊዜ የተለመደው መከላከያ እንደ ኢማዛሊልና ታያቤንዳዞል ያሉ ፀረ ፈንገስ ኬሚካሎችን መጠቀም ነው። ይሁን እንጂ ፈንገሶቹ እነዚህን ኬሚካሎች እየተላመዱ በመምጣታቸው፣ ሸማቾችም በልጣጭ ላይ የሚቀረውን የኬሚካል ቅሪት ስለማይወዱ፣ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ መዓዛማ ዘይቶች አዙረዋል።

መዓዛማ ዘይት ወይም ኢሴንሻል ኦይል፣ ስሙ ዘይት ይባል እንጂ የምግብ ዘይት ዓይነት ቅባት አይደለም። የምግብ ዘይት ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ እድፉ ይቀራል፤ መዓዛማ ዘይት ግን ተንኖ ይጠፋል፣ ወረቀቱም ያን ያህል አይቆሽሽም። ብዙውን ጊዜ ቅጠል፣ አበባ ወይም ቅርፊት በውሃ እንፋሎት ተነጥሮ ይገኛል፤ የብርቱካንና የሎሚ ዘይት ግን ከልጣጩ ተጨምቆ ይወጣል። በጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ በቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል፣ በቀረፋ ቅርፊት ውስጥ ሲናማልዴሃይድ፣ በጠጅ ሣር ውስጥ ሲትራል ዋነኞቹ ፀረ ፈንገስ ውሕዶች ናቸው። እነዚህ ውሕዶች ቅባት ወዳድ ስለሆኑ በፈንገሱ የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ሠርገው ይገባሉ፤ ሽፋኑም መያዝ ያለበትን መያዝ ያቅተዋል፣ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች ያፈተልካሉ፣ ስፖሩም መብቀል ይሳነዋል። ተናኝ በመሆናቸው በተደራረቡ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት በተን መልክ መድረስ ይችላሉ፤ እርጥበት ለሚጎዳው እንጆሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ፍሬውን መንከር አያስፈልግምና።

ታዲያ ማንኛውም መዓዛማ ዘይት ፈንገስ ይገድላል ማለት አይደለም። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት 90 በመቶ ያህሉ ሊሞኒን ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ከልጣጩ የሚተንኑት ውሕዶች፣ ሊሞኒንም ጭምር፣ ብርቱካንን የሚያበሰብሰውን ፔኒሲሊየም ዲጂታተምን ከመግታት ይልቅ ስፖሩ እንዲበቅል ማነቃቃታቸው ነው። ከዚህም በላይ፣ አንድ ዓይነት ጦስኝ እንደ በቀለበት ስፍራና እንደ ዝርያው በታይሞል የበለጸገ ወይም ታይሞል እምብዛም የሌለው ሊሆን ስለሚችል፣ በጠርሙሱ ላይ «የጦስኝ ዘይት» ተብሎ መጻፉ ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

በእኔ እይታ በዚህ ዘርፍ በጣም የሚያዘናጋው በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሚታየው ውጤት ነው። በሳህን ላይ ፈንገሱን ሙሉ በሙሉ ያቆመ መጠን በፍሬው ላይ ብዙም ላይሠራ ይችላል፤ ፈንገሱ በቁስሉ ውስጥ ተደብቆ ስኳርና ውሃ ያገኛል፣ ዘይቱም ከልጣጩ ሰም ጋር ይያያዛል ወይም ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ልጣጩ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ፍሬውም ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ፈንገሱን በሚገታው መጠንና ፍሬውን በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ስለዚህም ዘይቱን ከካይቶሳን (ከሸርጣን መሰል እንስሳት ቅርፊት ከሚገኝ ንጥረ ነገር) ወይም ከዛፍ ሙጫ በተሠራ የሚበላ ስስ ሽፋን ውስጥ ማዋሐድ፣ አለዚያም በጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ማሸግ ይመረጣል፤ እንዲህ ሲሆን ዘይቱ በአንድ ጊዜ ከመትነን ይልቅ ለቀናት በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል።

አንትራክኖዝ የተባለው የማንጎ በሽታ ግን ለዚህ ሁሉ ያስቸግራል። ኮሌቶትሪከም የተባለው ፈንገስ ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ልጣጩ ውስጥ ገብቶ ያደፍጣል፤ ጥቁር ነጠብጣቡ የሚታየው ፍሬው ሲበስል ነው። ከላይ የተቀባ ዘይት እዚያ ድረስ እምብዛም ስለማይዘልቅ፣ ማንጎውን በቅድሚያ በ52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ ያደፈጠውን ፈንገስ ማዳከም፣ ዘይት ያለበትን ሽፋን ደግሞ ፍሬው ከቀዘቀዘና ከደረቀ በኋላ መቀባት ይሻላል።