«በሥልጠና የፈሰሰ ላብ በጦርነት የሚፈሰውን ደም ያድናል»፦ ግን ላቡ የማን ነው?

ማሠልጠኛ የገባ ምልምል ይህን አባባል ሳይሰማ አይወጣም። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ዛሬ ምሽግ መቆፈር የሰነፈ ነገ በጥይት ይመታል። ችግሩ አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለምልምሉ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያውም ጉልበቱ ሲከዳው።

የአባባሉ የቅርብ ዘመድ ሩሲያ ውስጥ አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄኔራል አሌክሳንድር ሱቮሮቭ በትምህርት የከበደ በዘመቻ እንደሚቀል፣ በትምህርት የቀለለ ደግሞ በዘመቻ እንደሚከብድ ወታደሮቹን ያስተምር ነበር። በታኅሣሥ 1790 እ.ኤ.አ. ኦቶማኖች የያዙትን የኢዝማይልን ምሽግ ከማጥቃቱ በፊት የምሽጉን አምሳያ ቦይና የአፈር ካብ አሠርቶ ጦሩን በሌሊት አለማመደ። ቦዩን በጭራሮ እስር መሙላት፣ መሰላል መደገፍ፣ ካቡን መውጣት ደጋግመው ተማሩ። አባባሉ የሚለው እንዲህ ያለውን ላብ ነው፤ ሜዳ ለሜዳ በከንቱ ማሯሯጥን አይደለም።

በማሠልጠኛ ውስጥ ላቡ ከላይ ይጀምራል። የማዕከሉ አዛዥ ድርሻ ጥይቱን፣ ውሃውን፣ የተኩስ ሜዳውንና ሐኪሙን ምልምሉ ከመድረሱ በፊት ማሟላት ነው። የትምህርት ክፍሉ ፕሮግራም ያወጣል፤ የመቶ መሪው ያስፈጽማል። ትልቁ ሥራ ግን የሐምሳ አለቃውና የአሥር አለቃው ነው፤ ከምልምሉ ጎን የሚተኙት እነሱ ናቸው።

መተኛት ስንል በእውነት መተኛት ነው። የጠመንጃ ምላጭ አሳሳብ ትምህርት ሲሰጥ መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል፣ የጥይት ማጉረሻው ባዶ መሆኑ በዐይንም በጣትም ይረጋገጣል። ምልምሉ በደረቱ ተኝቶ ያነጣጥራል፤ በርሜሉ ላይ ሳንቲም ይቀመጥለታል። ምላጩን ሲስብ ሳንቲሙ ከወደቀ ጣቱ ነጥቋል ማለት ነው። አሠልጣኙ ዒላማውን ትቶ የምልምሉን ጣትና ዐይን ማየት አለበት። ቆሞ «ተኩስ!» የሚል አሠልጣኝ ይህን አያይም፤ ስሕተቱ የሚገለጠው ጥይት ከባከነ በኋላ ነው።

ላቡ በቁሙ የሚገድልበት ጊዜም አለ። ከደጋ መጥቶ እንደ ሁርሶና ብላቴ ማሠልጠኛዎች ያለ ቆላ የወረደ ሰው ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ ትጥቅ አስይዞ በቀትር ማስሮጥ አዛዡን የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው። በሙቀት ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው በሰዓት ከሦስት ሩብ እስከ 1 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ከ1 ሊትር ተኩል በላይ በየሰዓቱ ማጠጣት ደግሞ የደሙን ጨው አቅጥኖ ሌላ አደጋ ያመጣል። በጉዞ ላይ በየ50 ደቂቃው 10 ደቂቃ ማረፍ የቆየ ደንብ ነው። ቀርፋፎቹ ከፊት ይሁኑ፤ ከኋላ ከሆኑ ሰልፉ እየተሳሳበ እነሱ ሁልጊዜ ሯጭ ይሆናሉ።

ምልምሉ መንተባተብ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ «ያስመስላል» ብሎ ማለፍ አይገባም። ጥላ ሥር አስገብታችሁ ትጥቁን አውልቁለት፣ ገላውን ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ ማቀዝቀዙ አይቋረጥ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት፣ በጎኑ አስተኙት።